የመረሬ መሬት፣ የእነዋሪ መደብና የጓያ በሽታ

በሰሜን ሸዋ፣ በሞረትና ጅሩ ወረዳ የምትገኘው እነዋሪ ከደብረ ብርሃን በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ በሚወርዱ ገደሎች መካከል በተዘረጋ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። የአካባቢው ስም በአዲስ አበባ የሚነሣው በአብዛኛው በበዓል ሰሞን፣ በእጅ እየተጎረሰ በሚደልበው የጅሩ ሰንጋ ምክንያት ነው። ስንዴዋ፣ ጤፏና ምስሯም በገበያ ይታወቃሉ። በግብርና ምርምር ታሪክ ግን እነዋሪ የተመዘገበችው ከዚህ ሁሉ በተለየ ነገር፣ ሴቶችና ልጆች በክረምት በእጃቸው በሚሠሩት መደብ ነው።

ሥራው እንደሚከተለው ነው። ክረምቱ ሲበረታ ገበሬው በታረሰው ማሳ ላይ ዘሩን ይበትናል፤ ቀጥሎም በሬዎቹን ጠምዶ በተመጠነ ርቀት ቦይ ያወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የቤተሰቡ ነው። ሴቶችና ልጆች ጎንበስ ብለው ከቦዩ ውስጥ ጭቃውን በእጃቸው እየዛቁ ግራና ቀኝ ወደ መደቡ ይሰቅሉታል። በዚህም በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይፈጸማል፤ ዘሩ አፈር ይለብሳል፣ የዝናቡም ውኃ በቦዩ በኩል ወርዶ መደቡን ሳይጎዳ ከማሳው ይወጣል። በደጋው ብርድ፣ በዝናብና በጭቃ መካከል ወገብን አጥፎ ቀኑን ሙሉ መዋል ምን ማለት እንደሆነ በጤና ጣቢያ የገጠር እናቶችን ስለ ወገባቸው የሚጠይቅ ባለሙያ አያጣውም። ያም ሆኖ የእነዋሪ ሰዎች ይህን ሥራ ያልተዉት ከእጅ ጉልበት ይልቅ የውኃው ጉዳት ስለሚብስባቸው ነው።

ጉዳቱ የሚመነጨው ከአፈሩ ጠባይ ነው። ገበሬው መረሬ ወይም ዋልካ የሚለው ይህ ጥቁር አፈር በሳይንስ ቋንቋ ቨርቲሶል ይባላል። ስሙ መገልበጥ ከሚል የላቲን ቃል የተገኘ ነው። አፈሩ በበጋ ሲደርቅ እጅን እስከ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ የላይኛው አፈር በስንጥቁ እየወደቀ ወደ ታች ይገባል፤ ክረምት ሲመጣ ሸክላው አብጦ ስንጥቁን ይዘጋል፤ በዚህ ዓይነት አፈሩ ራሱን በራሱ ይገለብጣል። ካበጠ በኋላ ግን ውኃ አያሳልፍም። ዝናቡ ከላይ ይተኛል፣ የሰብሉ ሥር አየር ያጣል፣ ናይትሮጅኑም ይባክናል፤ ቡቃያው ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው አፈር ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚሸፍን፣ ከዚህም ውስጥ 7.6 ሚሊዮኑ ያህል በደጋው ክፍል እንደሚገኝ የአፈር ጥናት ባለሙያዎች ገምተዋል። ከዚህ ሰፊ መሬት በየዓመቱ የሚታረሰው ጥቂቱ ነው። አፈሩ መካን ስለሆነ አይደለም፤ በንጥረ ነገር ከብዙዎቹ የደጋ አፈሮች የተሻለ ነው። ችግሩ የሐምሌና የነሐሴ ውኃ ነው።

የደጋው ገበሬ ይህን ውኃ ለማሸነፍ ያልሞከረው ዘዴ የለም። በአንዳንድ ቦታ እንደ ሹሩባ የተደረደረ ጠባብ ትልም ያወጣል። በሸኖ አካባቢ አፈሩን ከምሮ ያቃጥላል፤ ጋይ የሚባለው ይህ ዘዴ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ምርት ቢሰጥም የአፈሩን ሕይወት ያለው ክፍል አብሮ ስለሚያነደው መሬቱን ለረጅም ዓመታት ያደኸያል። በጣም የተለመደው ዘዴ ግን መጠበቅ ነው። ማሳው ክረምቱን በሙሉ ጾሙን ያድርና ዝናቡ ሲያባራ፣ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም፣ በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ ሊበቅል የሚችል ዘር ይዘራበታል። ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ከእነርሱም ሁሉ ይልቅ መከራን የሚችለው ጓያ በዚህ ተራ ይገባሉ። መረሬ አፈርና ጓያ የተወዳጁት በዚህ ምክንያት ነው፤ የጤና ባለሙያም የእነዋሪን መደብ ታሪክ ሊያውቅ የሚገባው ከዚህ ነጥብ ጀምሮ ነው።

ጓያ አስገራሚ እህል ነው። ጎርፍ ያልገደለውን ድርቅም አይገድለውም። ማዳበሪያም ብዙ እርሻም አይጠይቅም፤ ፕሮቲኑም ብዙ ነው። ሽሮው፣ ክኩ፣ ቂጣው፣ ንፍሮው፣ ቆሎው፣ እሸቱም ሁሉ ይበላል። ዋጋው ርካሽ በመሆኑ የድኻ እህል ሆኖ ቆይቷል። ነገር ግን በውስጡ ቤታ-ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ አለ። ይህ ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1964 በሕንድ ተመራማሪዎች ተለይቶ የታወቀ ሲሆን ነርቭን የሚያነሣሣውን ግሉታሜት ስለሚመስል የነርቭ ሕዋሳትን ከልክ በላይ እየቀሰቀሰ ይጎዳቸዋል። ጓያን ከሌላ ምግብ ጋር አልፎ አልፎ የሚበላ ሰው አይታመምም። ሌላው ሰብል ጠፍቶ ጓያ ብቻውን ለሁለትና ለሦስት ወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን ከሚበሉት መካከል አንዳንዶቹ፣ በተለይም ወጣት ወንዶች፣ ሽባ ይሆናሉ።

ሕመሙ ለሐኪም አሳሳች አይደለም። ታማሚው አንድ ቀን ከእንቅልፉ ሲነሣ ወይም ከረጅም መንገድ በኋላ እግሩ ይከብደዋል፤ ባቱን ቁርጠት ይይዘዋል፤ ከዚያም ሁለቱ እግሮቹ እኩል ይገትሩታል። ጉዳቱ የደረሰው እንቅስቃሴን ከአንጎል በሕብለ ሰረሰር በኩል ወደ እግር በሚያደርሱት የነርቭ መስመሮች ላይ በመሆኑ የስሜት መጉደል የለም፤ እጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ይድናሉ፤ አእምሮውም ጤነኛ ነው። ሲራመድ ጉልበቶቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፣ ተረከዙም መሬት አይነካም። ባለሙያዎች የበሽታውን ደረጃ የሚለኩት በዱላ ነው፦ ያለ ዱላ የሚሄድ፣ በአንድ ዱላ የሚሄድ፣ በሁለት ዱላ የሚሄድ፣ ጨርሶ የሚድህ። በሽታው አይገድልም፤ መድኃኒትም የለውም። በ16 ዓመቱ ዱላ የያዘ ወጣት እስከ ሽምግልናው ይይዘዋል፤ በእርሻ ለሚኖር ቤተሰብ ደግሞ ይህ የአንድ ሰው ሕመም ብቻ ሆኖ አይቀርም።

በሽታው ለኢትዮጵያ ብቻ የተሰጠ መከራ አይደለም። የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ሂፖክራተስ በአይኖስ ከተማ አተር አዘውትረው የበሉ ሰዎች እግራቸው እንደደከመ ጽፏል። ላቲሪዝም የሚለውን ስያሜ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1873 የናፖሊው ሐኪም ካንታኒ ነው። ከሁሉ የሚዘገንነው ታሪክ ግን የቫፕንያርካ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ዓ.ም መጸው፣ በሮማንያ አስተዳደር ሥር በነበረ በዚህ የእስረኞች ካምፕ ከ1,000 በላይ አይሁድ ታስረው በየቀኑ 400 ግራም ያህል ለከብት የተዘጋጀ ጓያ ይሰጣቸው ነበር። ጥቂት ወራት ሳይሞላ በመቶ የሚቆጠሩት መራመድ አቃታቸው። ከእስረኞቹ አንዱ የነበረው ዶክተር አርተር ኬስለር የበሽታውን ምንነት ያለ ላቦራቶሪና ያለ መጽሐፍ ለይቶ አወቀ፤ ጉዳዩ ለካምፑ ሹማምንት ከተነገረና ከብዙ ውትወታ በኋላ ምግቡ ተቋረጠ። ኬስለር ከጦርነቱ በኋላ ወደ እስራኤል ሄዶ በሕይወት የተረፉትን ሕሙማን ለብዙ ዓመታት ሲከታተል ኖረ። ከጥንት ጀምሮ ሰው የሚጠረጥረው ነገር በዚያ ክፉ ስፍራ ያለ ጥርጥር ታየ፤ በሽታው የጓያ በሽታ ብቻ ሳይሆን የምርጫ ማጣት በሽታ ነው።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1977 በጎንደር አካባቢ የተነሣው ወረርሽኝ በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1978 ተዘግቧል። በኋላም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራ ቤት ለቤት እየዞሩ ሕሙማኑን ቆጥረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1990 አሳተሙ። ጣና ዳር ያሉት እነዚህ ሜዳዎች ክረምት ውኃ የሚተኛባቸው ጥቁር አፈሮች መሆናቸውን ልብ ይሏል። ከዚያ በኋላ ደግሞ በ1990ዎቹ አጋማሽ ድርቅ በመታው የወሎው ደላንታ ዳውንት ከ2,000 በላይ ሰዎች ለሽባነት ተዳረጉ። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ይህን ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1999 በላንሴት መጽሔት ለዓለም አሳወቁ።

እንግዲህ የመረሬው ውኃ የሚያደርሰው ጉዳት በጎተራ ብቻ የሚለካ አይደለም። ማሳው ክረምቱን ውኃ ተሸክሞ የሚያሳልፍ ከሆነ የገበሬው ምርጫ በመስከረም ከሚዘሩት ጥቂት እህሎች አይወጣም። ውኃው በሐምሌ ከወጣ ግን ስንዴ በክረምቱ መጀመሪያ ይዘራል፤ ቀድሞ ይደርሳል፤ እንደ ዝናቡ ሁኔታም ከስንዴው ቀጥሎ ሌላ ሰብል ሊገባ ይችላል። የእነዋሪ ሰዎች ይህን በእጃቸው ያደርጉት ነበር። በ1980ዎቹ ወደ አካባቢው የመጡት ተመራማሪዎች የጠየቁት ጥያቄም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ይህን መደብ በሬ ሊሠራው አይችልምን?

ተመራማሪዎቹ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1974 መቀመጫውን አዲስ አበባ አድርጎ ከተቋቋመው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የከብት እርባታ ማዕከል፣ በእንግሊዝኛው አጠራር ኢልካ ከሚባለው ድርጅት ነበር። ማዕከሉ በደብረ ብርሃን የምርምር ጣቢያ ነበረው። ቀደም ብሎ በዚያው ጣቢያ ጥማድ በሬ ለማያሟሉ ገበሬዎች ባለ አንድ በሬ ቀንበርና ማረሻ ተሞክሮ ነበር፤ ሐሳቡ መልካም ቢሆንም በገበሬው ዘንድ ብዙ አልገፋም። በመረሬ መሬት ላይ የሚደረገው ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የግብርና ሚኒስቴርን፣ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩትን፣ የዓለማያ ዩኒቨርሲቲንና በሕንድ አገር ሃይደራባድ አጠገብ የሚገኘውን ኢክሪሳት የተባለ የምርምር ተቋም አስተባብሮ የጋራ ፕሮጀክት ሆነ። ከሥራው ቦታዎች አንዷ እነዋሪ ነበረች።

ኢክሪሳት በሕንድ ጥቁር አፈር ላይ ሰፊ መደብና ቦይ የሚሠራ ዘዴ አስቀድሞ አዘጋጅቶ ነበር። መሣሪያው ግን ጎማ ያለው፣ በብረት የተሠራ፣ ሰው የሚቀመጥበት የበሬ ጋሪ መሰል ማሽን ነው። በአፍሪካ በየአገሩ ተሞክሮ፣ በየጣቢያው ተደንቆ፣ በየገበሬው ቤት ሳይገባ ቀረ። የእንስሳት ጉልበት ባለሙያ የሆነው ፖል ስታርኪ እ.ኤ.አ. በ1988 የእነዚህን መሣሪያዎች ታሪክ በጻፈበት መጽሐፍ ርእስ ላይ «ፍጹም ተደርገው የተሠሩ፣ ነገር ግን የተጣሉ» ብሎ ፈረደባቸው። የሕክምና መሣሪያዎች በእርዳታ መጥተው በየሆስፒታሉ ጓሮ ሲዝጉ ያየ ሰው ይህን አባባል ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በኢትዮጵያ የሠሩት ሳሙኤል ዩትሲ፣ ፍራንክ አንደርሰንና አብዬ አስታጥቄ ይህን መንገድ አልተከተሉም። እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት ከገበሬው ማረሻ ተነሡ። የአበሻ ማረሻ ሞፈር፣ እርፍ፣ ወገል፣ ብረትና ሁለት ድግር ያለው፣ አንድ ሰው ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ማሳ የሚወስደው፣ ሲሰበርም እዚያው አገር ቤት የሚጠገን መሣሪያ ነው። መሐንዲሶቹ የሁለት ማረሻዎችን ሞፈር አሳጥረው ጎን ለጎን አጣመሯቸው፤ በድግሩ ቦታ አፈሩን ወደ መሐል የሚገፋ ክንፍ መሰል እንጨት አደረጉባቸው፤ ከኋላ ሰንሰለት አንጠለጠሉ። በሬዎቹ ሲጎትቱት ሁለቱ ማረሻዎች ግራና ቀኝ ቦይ ያወጣሉ፣ ክንፎቹ አፈሩን በመካከል ይከምራሉ፣ ሰንሰለቱ ደግሞ መደቡን እያስተካከለ ዘሩን አፈር ያለብሰዋል። የሚወጣው መደብ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ የቦዩም ጥልቀት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህ መሣሪያ በግብርና ሠራተኞች ዘንድ ቢቢኤም በሚል የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ይጠራል።

ከውጪ የመጣው ዕውቀት የመደቡን ስፋትና የቦዩን ስሌት ሰጠ። የመሣሪያው አካል ግን የገበሬው ነው፤ መደብ ከቦይ ጋር አሰናስሎ ውኃን የማውጣት ሐሳብም በእነዋሪ ማሳ ላይ ማንም ሳያስተምረው ይሠራ ነበር። ተመራማሪዎቹ ይህን አይተው መመዝገባቸው የሚያስመሰግናቸው ነው፤ ሴቶቹና ልጆቹ በእጃቸው ያደርጉት የነበረውን በሬ እንዲያደርገው ማድረግ ደግሞ ሥራውን ከሴት ወገብ ወደ በሬ ትከሻ አዛወረው። በግብርና ሪፖርት ይህ የሰው ቀን ቁጠባ ተብሎ ይጻፋል። በጤና ባለሙያ ዓይን ሲታይ ግን ከዚያ ይበልጣል፦ ነፍሰ ጡሯ፣ የምታጠባውና ለትምህርት የደረሰው ልጅ በክረምቱ ከጭቃ የመውጣት ዕድል አገኙ ማለት ነው።

መሣሪያው ግን ወዲያው አገር አልወረሰም። ሁለት ማረሻ የተጣመረበት ስለሆነ ከተራው ማረሻ ይከብዳል፤ በሬዎች ደግሞ ከበጋው መኖ እጥረት ገና ሳያገግሙ የሚጎትቱት በጣም በሚያደክም ጭቃ ላይ ነው። በጅሩ የሚደልበው ሰንጋ ለገበያ እንጂ ለሞፈር እንዳልሆነ ይታወቃል። መሣሪያው ብቻውን ቢመጣም ዘሩ፣ ማዳበሪያውና የአረም ሥራው አብረው ካልመጡ ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። ሌላም ነገር አለ፤ ከአንዱ ማሳ የወጣ ውኃ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ጎረቤት ማሳውን ካላጠነፈፈና የጋራ መውረጃ ካልተቆፈረ የአንዱ ገበሬ ጥቅም ለሌላው ጎርፍ ይሆናል፤ በአፋፍ ላይ ባለ አገር ደግሞ ቦረቦር ይፈጥራል። መሣሪያውን በየጊዜው ያሻሻሉት ሰዎች ክንፉን በብረት ቢለውጡም፣ ክብደቱን ቢቀንሱም፣ የጎረቤትን ስምምነት ሊሠሩለት አልቻሉም። ቴክኖሎጂው ብዙ ገበሬዎች ዘንድ መድረስ የጀመረው ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ፈጠራ ከውጪ ድርጅት ሳይሆን ከኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ነው። ዶክተር መለሰ ተመስገን የአበሻ ማረሻን ለብዙ ዓመታት ካጠኑ በኋላ አይባር የሚባል መሣሪያ ሠሩ። አይባር ሁለት ማረሻ አያጣምርም፤ በአንዱ ተራ ማረሻ ላይ የሚገጠም ቀላልና ርካሽ የብረት ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 በናይጄሪያ አቡጃ በተካሄደው የአፍሪካ የፈጠራ ሽልማት ለማኅበራዊ ፋይዳው ልዩ ሽልማት ተሰጠው። ከሕንድ የብረት ጋሪ ወደ ሁለት ማረሻ፣ ከሁለት ማረሻ ወደ አንድ ማረሻ፤ መሣሪያው እያደገ የሄደው እየቀለለ በመሄድ ነው።

ውኃ ማጠንፈፍ ብቻውን የጓያን በሽታ ያጠፋል ማለት ግን ስሕተት ነው። ወረርሽኙ የሚነሣው በድርቅ ዘመን ሲሆን የሐምሌን ውኃ የሚያወጣ ቦይ ደግሞ ለዝናብ እጦት መድኃኒት አይሆንም። መደቡ የሚሠራው ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ነው። በደጉ ዘመን ስንዴና ባቄላ ያስገባ ቤተሰብ ክፉው ዘመን ሲመጣ ከጎተራው የሚደባልቀው እህል ወይም ሊሸጠው የሚችል ነገር አለው። ይህ መደባለቅ ደግሞ በሽታውን በመከላከል ረገድ ትልቅ ድርሻ እንዳለው የደላንታው ጥናት ያመለክታል። እነ ዶክተር ኃይለየሱስ እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2005 ባሳተሟቸው ጽሑፎች ጓያን በንፍሮ፣ በቆሎና በጥሬ እሸት መልክ መብላት ለሽባነት ይበልጥ እንደሚያጋልጥ፣ ሰልፈር ካላቸው አሚኖ አሲዶች በሚበለጽጉ እህሎች ደባልቆ መብላትና ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልን የመሰሉ ቅመሞች በገቡበት ወጥ መልክ መመገብ ግን ጉዳቱን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ስለዚህ በድርቅ ጊዜ የሚላክ የእርዳታ እህል ረኀብን ከማስታገሥ በላይ ከጓያው ጋር ተደባልቆ እግርን ያድናል፤ ዘግይቶ ከደረሰ ግን የጠፋውን አይመልስም።

በሕዝቡ ዘንድ ያለው ግንዛቤ ከዚህ የተለየ ነው። በብዙ ቦታ በሽታው የሚይዘው በጓያ ማሳ ውስጥ ሲሄዱ፣ ገለባውን ሲነኩ ወይም ሲቀቀል በእንፋሎቱ ነው ተብሎ ይታመናል። እምነቱ መነሻ የሌለው አይደለም፤ ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በሥራ ላይ በዋሉ ወጣቶች ላይ ስለሆነ ሰው ምክንያቱን በማሳው ውስጥ ይፈልጋል። ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ከገለባው የሚሸሽ ቤተሰብ ንፍሮውን ያለ ሥጋት ይበላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይህን ሐሳብ በንቀት ከመዝጋት ይልቅ «በዚያ ሰሞን ቤት ውስጥ ምን እህል ነበረ?» ብላ ብትጠይቅ ወደ እውነቱ የሚያደርሰውን በር ታገኛለች።

የአፈሩ ነገር ከዚህም ይጠልቃል። በቤልጅግ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፈርናንድ ላምቤንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት የዚንክ እጥረትና የብረት ብዛት ባለበት ሁኔታ የበቀለ ጓያ በዘሩ ውስጥ ያለው መርዝ እንደሚጨምር አመልክተዋል። ጽሑፋቸው መነሻ ካደረጋቸው መሬቶች መካከል የኢትዮጵያ መረሬ ይገኝበታል። ድርቅም እንዲሁ መርዙን ከፍ ያደርጋል። ጓያ በበዛበት ዓመት መርዙም የሚበዛው፣ ሌላው እህል የሚጠፋውም በዚያው ዓመት መሆኑ የዚህ በሽታ እጅግ ክፉው ጠባይ ነው።

በውኃ ላይ የሚደረግ ሥራ ሁሉ በጤና በኩል እንደሚያልፍ ለማሳየት የትግራይን ምሳሌ ማንሣት ይበቃል። በዚያ በትንንሽ ግድቦች አጠገብ ባሉ መንደሮች የሚኖሩ ልጆች በወባ የሚታመሙበት መጠን ከግድብ ርቀው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ ሆኖ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝ ሕክምና መጽሔት ታትሟል። የእነዋሪ ከፍታ ለወባ አይመችም፤ ከማሳው የሚወጣው ውኃ የሚወርድበት የጀማ ቆላ ግን ሌላ ነው። ውኃውን አጠራቅሞ ለበጋ መስኖ ለማዋል የሚያስብ ሰው የጤና ጽሕፈት ቤቱን ከመጀመሪያው ቀን ጠርቶ ቢያማክር ይበጀዋል።

ጓያውን ራሱን የማሻሻል ሥራም አልቆመም። ሕንድ የጓያን ሽያጭ እ.ኤ.አ. በ1961 በሕግ ብትከለክልም ገበሬው መዝራቱን አላቆመም፤ ክልከላ የድኻን እህል ከማሳ ሊያወጣው እንዳልቻለ ይህ በቂ ማስረጃ ነው። በኢትዮጵያ የተመረጠው መንገድ መርዙ ያነሰ ዘር ማውጣት ሲሆን ዋሴ የተባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2006 ተለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድን ጓያ ቤታ-ኦዳፕን ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚሠራ ከጂኖሙ ተነሥቶ አሳተመ። ከቡድኑ አባላት መካከል በናይሮቢ በሚገኘው የዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ይገኙበታል። ይህ ኢንስቲትዩት በ1990ዎቹ አጋማሽ ኢልካ ከሌላ ተቋም ጋር ተዋሕዶ የተፈጠረ ነው። በእነዋሪ ማረሻ ያጣመረው ድርጅት ወራሽ ዛሬ የጓያን የዘር ጽሑፍ ከሚያነቡት አንዱ ሆኗል።

መርዙን የሚሠራው ኤንዛይም የሚገኝበት ጂን ከታወቀ መርዝ አልባ ጓያ ማዳቀል ከቀድሞው ይቀልላል። አንድ ተግባራዊ ችግር ግን ይቀራል። ጓያ በአብዛኛው በራሱ የሚዳቀል ቢሆንም ንቦች አበባውን ስለሚጎበኙ የተሻሻለው ዘር ከጎረቤት ማሳ ነባር ጓያ ጋር ይደባለቃል፤ በጥቂት ዓመታትም መርዙ ተመልሶ ከፍ ሊል ይችላል። በዚህ ምክንያት የተሻሻለው ዘር ከሌላ የጓያ ማሳ ርቆ መባዛትና በየጥቂት ዓመቱ ከንጹሕ ምንጭ መተካት አለበት።